«አለቃዬ ‹ዳንሰኛ ፈልጊልኝ› አለኝ፤ ሥራውን ልያዘው?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የምኖረው ላስቬጋስ ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ስሜን ተራሮች ላይም ቱሪስት ያስጎበኘሁ ሰው ነኝ። እዚህ መጥቼ ካዚኖ ሠራሁ፣ ዜግነቴን ሳገኝ ደግሞ አንድ የፌዴራል ፓርክ ውስጥ የወቅት ሬንጀር ሆኜ ተቀጠርኩ። አሁን ቋሚ ቦታ ሊወጣ ነው፣ አለቃዬም «ተወዳደሪ» እያለኝ ነው። የሥራው ስም «የጎሳዎች አገናኝና የባህል ትምህርት አስተባባሪ» ነው። ፓርኩን ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋር ማገናኘት፣ ለተማሪና ለጎብኚ ስለ ባህላቸው ትምህርት ማዘጋጀት ማለት ነው። አንዲት ባልደረባዬ ግን «ይሄ ቦታ የሚገባው ለነባር ተወላጅ ነው» አለችኝ። አመመኝ፤ ውሸቷን ነው ለማለትም አልቻልኩም። አለቃዬ ደግሞ ገና ሳልቀጠር «ለኖቬምበር ዳንሰኛ ፈልጊልኝ፣ ተረት የሚያወራ ሽማግሌም ካገኘሽ አሪፍ ነው» ብሎኛል። ማንን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም። እናቴም በደወልኩ ቁጥር «አሁንም ጫካ ውስጥ ነሽ?» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

እ. ከላስቬጋስ

መልስ፦

እህቴ፣ ቀላሉ የእናትሽ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ባርኔጣውን አድርገሽ ፎቶ ላኪላቸው። ከዚያ ቋሚው ቦታ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ያለው የመንግሥት ሥራ መሆኑን ንገሪያቸው። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የሥራው ስም አንድ ቢመስልም ውስጡ ያሉት ሁለት ሥራዎች ናቸው፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጣላሉ። አገናኝነቱ የመንግሥትና የመንግሥት ጉዳይ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ከ570 በላይ ጎሳዎችን እንደ መንግሥት ያውቃቸዋል፤ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ፍርድ ቤትና ፖሊስ። ፓርኩ መንገድ ሲሠራ፣ የውኃ ቧንቧ ሲቀብር፣ አዲስ ሕንፃ ሲያቆም የ1966ቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ቅርሱ የሚመለከታቸውን ጎሳዎች አስቀድሞ እንዲያማክር ያስገድደዋል። ይህ ምክክር በፓርኩ ኃላፊና በጎሳው መሪዎች መካከል የሚደረግ ነው። ያንቺ ድርሻ ደብዳቤው በጊዜው እንዲወጣ፣ ትክክለኛው ሰው እጅ እንዲገባ፣ መልሱም መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ነው። አንድ የምታውቂያቸውን ሽማግሌ በቡና ላይ ጠይቀሽ «ጎሳው ተስማምቷል» ብለሽ ብትጽፊ ግን ጉድ ይፈላል። ሽማግሌው የራሳቸውን ሐሳብ ነው የነገሩሽ፤ ምክር ቤቱን አይወክሉም፣ ወክለው ከተገኙም ከወገናቸው ጋር የምታጣያቸው አንቺ ነሽ።

የባህል ትምህርቱ ሌላ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ የካምፕ እሳት ዳር ንግግር፣ ሰሌዳ፣ ቪዲዮ፣ ኤግዚቢሽን። እዚህ ላይ አለቃሽ የሚፈልገው ቶሎ የሚታይ ነገር ነው፣ ጎሳው የሚፈልገው ደግሞ ቀስ ተብሎ በትክክል የሚሠራ። የሁለቱ ፍጥነት አይገጥምም፤ መሐል የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚቀድመው የትኛው ነው? «ሁለቱም እኩል ናቸው» ካለሽ መልስ አልሰጠሽም።

ባልደረባሽ ያለችው ትክክል ነው። አልሸፋፍንልሽም። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የተቋቋመው በ1916 ነው፣ ነባር ተወላጅ ዳይሬክተር ሆኖ ሲመራው ግን ቻርልስ ሳምስ የመጀመሪያው ናቸው፣ እሱም በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከመቶ ዓመት በላይ «ስለ እነሱ» ሌላ ሰው ሲያወራ ቆይቷል ማለት ነው። ይሄ ማለት ግን አንቺ አትወዳደሪ ማለት አይደለም። እኔ ብሆን እወዳደራለሁ፣ በዚያው ቀን ግን አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ማስታወቂያው ለአካባቢው ጎሳዎች የሥራ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ይድረስ» እላለሁ። አዎ፣ ራስሽ ላይ ተፎካካሪ ትጠሪያለሽ። ከእነሱ ብቁ ሰው መጥቶ ቢያሸንፍሽ የወቅት ሥራሽ አለ፣ ከዚያ ሰውም ብዙ ትማሪያለሽ። አንቺ ካሸነፍሽ ደግሞ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቀና ብለሽ ትቀመጫለሽ። ከሥራ ዝርዝርሽ ውስጥም አንድ ነገር አስገቢ፦ ከጎሳው ወጣቶች እየተከፈላቸው የሚሠለጥኑበት ቦታ። አንድ ቀን ወንበርሽን ከእነሱ አንዱ ቢወስደው ሥራሽ ተሳካ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቦታውን እወቂ። ያለሽበትን ፓርክ ስም አልጻፍሽልኝም፤ ለዚያ አካባቢ ሰው ግን ዴዝ ቫሊ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ አለማወቅ ነውር ስለሆነ እሱን ልንገርሽ። ሸለቆው የቲምቢሻ ሾሾኒዎች አገር ነው። በ1933 የፌዴራል ጥብቅ ቦታ ሲሆን እነሱ እዚያው እየኖሩ ነበር። በ1930ዎቹ የጭቃ ጡብ ቤቶች ተሠሩላቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሰዎቹ የበጋውን ሙቀት ሽሽት ወደ ተራራ ሲወጡ፣ የፓርኩ ሠራተኞች ባዶ ያገኟቸውን ቤቶች በውኃ ጎማ እየረጩ አፈረሷቸው። ጭቃ አይደል፣ በውኃ ይሟሟል። ጥቂት ቤተሰቦች ግን አንለቅም ብለው ቆዩ። በ1983 መንግሥት እንደ ጎሳ አወቃቸው። በ2000 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ወደ 7,700 ኤከር መሬት ተመለሰላቸው፤ ከዚያ ውስጥ 300 ኤከር የሚሆነው እዚያው ፓርኩ መሐል ፈርነስ ክሪክ ነው። ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ልጅ ይዞ የመጣ ቱሪስት «እዚህ ሕንዶች ይኖሩ ነበር ወይ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ጎረቤቶችሽ ከማዶ ቡና እያፈሉ ነው። ስለዚህ ትምህርትሽ ሁሉ በአሁን ጊዜ ይጻፍ። «ይኖሩ ነበር፣ ያድኑ ነበር፣ ይሠሩ ነበር» የሚል ሰሌዳ ካየሽ መጀመሪያ የምትለውጪው እሱን ነው።

ይህን የማወራልሽ የጎሳው ቢሮ ስትገቢ አንቺን ብቻ ስለማያዩሽ ነው። የለበስሽው ዩኒፎርም የዚያን ውኃ ጎማ ያስታውሳቸዋል። አያታቸው ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው አንቺ የጎንደር ልጅ መሆንሽ ምኑ ነው? ቢቆጡሽ በግልሽ አትውሰጂው፣ «እኔ እኮ ያኔ አልነበርኩም» የሚለውንም ተይው። ስሚ፣ ጻፊ፣ የጠየቁትን ነገር በቀጠሮው ቀን ይዘሽ ተመለሺ። መተማመን የሚመጣው ከንግግርሽ ሳይሆን ከቀጠሮሽ ነው።

አሁን ዳንሰኛው። አንድ ፈረንጅ ደውሎ «ለቅዳሜ ፕሮግራማችን አንድ መሪጌታ ከነጽናጽላቸው ላኩልን፣ ሃያ ደቂቃ ያሸብሽቡልን፣ ለውኃ እንከፍላለን» ቢልሽ ምን ይሰማሻል? የአለቃሽ ጥያቄ ለእነሱ እንዲያ ነው የሚሰማው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ኖቬምበር የነባር አሜሪካውያን የቅርስ ወር ስለሆነ ካላንደሩ ላይ ባዶ ሣጥን አየ። ግን ለሕዝብ የሚታይ ጭፈራ አለ፣ ጭራሽ የማይታይ አለ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚታይም አለ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ተረቱም እንደዚያው። ፓዩቶችና ናቫሆዎችን ጨምሮ ብዙ ጎሳዎች ዘንድ የኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ ነው) ተረት የሚነገረው በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪ የሚያመጡልሽ በኤፕሪልና በሜይ ነው። አንድ የዋህ ሬንጀር ከመጽሐፍ ያገኘውን ተረት በሜይ ፀሐይ ለልጆች ሲያወራ፣ ከኋላ የቆመች የጎሳው እናት ልጇን ይዛ ዘወር ትላለች። ምንም አትናገርም። አንቺም በሚቀጥለው ዓመት ለምን ስልክ እንደማያነሱልሽ አይገባሽም።

ታዲያ ማንን ትጠይቂያለሽ? ጎሳው ራሱ የመደበውን ሰው። ብዙዎቹ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ኃላፊ አላቸው፣ የባህል ክፍል ያላቸውም አሉ። መጀመሪያ ራስሽን አስተዋውቂ፣ ምንም አትጠይቂ። ሁለተኛ ጊዜ ስትደውዪ «ልጆች ስለ እናንተ ምን ቢያውቁ ትወዳላችሁ?» በያቸው። ምናልባት ስለ ጭፈራ ምንም ላይሉሽ ይችላሉ። ምናልባት ስለ ውኃ፣ ስለ ሜስኪት ዛፍ፣ ወይም ልጆቻቸው ፓርኩ ውስጥ ሥራ ስለማግኘታቸው ነው ማውራት የሚፈልጉት። ግሌሸር ፓርክን ተመልከቺ፦ ከ1982 ጀምሮ በየበጋው የጎሳዎቹ ሰዎች ራሳቸው እየመጡ ለጎብኚ የሚናገሩበት ፕሮግራም አለ። ታሪክ፣ ሙዚቃ፣ ቀልድ፣ የወቅቱ ጉዳይ፣ የመረጡትን ያወራሉ። ይህን ያህል ዓመት የዘለቀው ፓርኩ መድረኩን አዘጋጅቶ አፉን ስለዘጋ ይመስለኛል። ያንቺም ሥራ ይሄው ነው። የእነሱን ታሪክ አሳምረሽ እንድትናገሪ አይደለም የምትቀጠሪው፤ እነሱ ሲፈልጉ የሚናገሩበትን፣ ሳይፈልጉም ዝም የሚሉበትን ቦታ እንድትጠብቂ ነው።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ የተቀደሰ ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ንግግር የሚከፍል ፓርክ ለሽማግሌ ሲሆን «ለማኅበረሰቡ ጥቅም ነው» ይላል። አይሆንም። ዕውቀት ነው፣ ይከፈላል። ሰውዬው በረሃ አቋርጠው ነው የሚመጡት፤ ቤንዚን አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ይዘዋቸው የሚመጡት የልጅ ልጅ ምሳ አለ። የመንግሥት ክፍያ ደግሞ ቅጹ ብዙ ነው፣ ይዘገያል፤ ቃል ገብተሽ ቼኩ ወራት ቢቆይ ሐሰተኛ የምትባይው አንቺ ነሽ እንጂ የሒሳብ ክፍሉ አይደለም። ብዙ ፓርኮች አጠገብ መጻሕፍት የሚሸጥና ፓርኩን የሚደግፍ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አለ። እንዲህ ያለ ማኅበር ክፍያውን በዕለቱ መስጠት ይችል እንደሆነ ከአሁኑ አጣሪ።

ሌላው ነገር ወረቀት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጻፈውን ማንኛውም ሰው በመረጃ ነፃነት ሕግ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ሽማግሌ እምነት አድርገውብሽ «እዚያ ጉድጓድ አጠገብ እናቶቻችን ይጸልዩ ነበር» ካሉሽና አንቺ በትጋት ማስታወሻሽ ላይ ካርታ ብትስዪ፣ ያ ካርታ የመንግሥት ሰነድ ሆነ። የቅርስ ቦታዎችን አድራሻ ከሕዝብ ለመሸሸግ የሚያስችሉ የሕግ አንቀጾች አሉ፣ ሁሉን ነገር ግን አይሸፍኑም። ስለዚህ እንዲጻፍ ያልተፈቀደውን አትጻፊ። ከመቅዳትሽ በፊት ቅጂው ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው፣ ይጥፋ ሲሉ ይጠፋ እንደሆነ ተነጋገሩ። የሚሻለው ዋናው ቅጂ ጎሳው ጋ መቀመጡ ነው። ኤግዚቢሽን ካለሽም ሕጉ ጠብቋል፦ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ሙዚየሞችና የፌዴራል ተቋማት የነባር ሕዝቦችን አፅም፣ የመቃብር ዕቃና የተቀደሱ ዕቃዎች ከማሳየታቸው በፊት የባለቤቶቹን ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ትልልቅ ሙዚየሞች ሳይቀሩ መስታወቶቻቸውን የሸፈኑት በዚህ ምክንያት ነው። መጋዘናችሁ ውስጥ ያለውን ከማየትሽ በፊት ስለ መጋዘኑ ከጎሳው ኃላፊ ጋር አውሪ።

ደግሞ ሰሌዳ ስትጽፊ ጊዜው አስቸጋሪ መሆኑን እወቂ። ከ2025 ጀምሮ የፓርክ ጽሑፎች «አሜሪካውያንን የሚያንኳስስ» ነገር እንዳይኖርባቸው ከላይ በመጣ ትእዛዝ እየተፈተሹ ነው። መቼ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ እንደሆነ በቀኑ ጻፊ፣ ቅጽል ቀንሺ። «በ2000 በወጣው ሕግ መሬቱ ተመለሰ» የሚለው መስመር ብቻውን አንባቢውን «ማን ወስዶት ነበር?» ያሰኘዋል።

ሐበሻነትሽስ? ይጠቅምሻል፣ ያስቸግርሻልም። ሽማግሌ ፊት መቸኮል ነውር መሆኑን ማንም አላስተማረሽም፣ ታውቂዋለሽ። «እናያለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እምቢታ መሆኑንም ታውቂያለሽ፤ አለቃሽ ግን አያውቅም፣ «ተስማምተዋል» ብሎ ሪፖርት ሊያደርግ ይችላል፣ አስቁሚው። ሰው ሲሞት የጎሳው ጽሕፈት ቤት ቢዘጋና ከወራት በፊት የያዝሽው ስብሰባ ቢሰረዝ አንቺ ለቅሶ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያንን ለፓርኩ ማስረዳት የአገናኝ ሥራ ነው። ስሜን ላይ ሠርተሻልና ፓርኩ ውስጥ የነበረችውን ግጭ የተባለች መንደር ነገርም ታውቂያለሽ። ነዋሪዎቹ በ2016 ወደ ደባርቅ ሲሄዱ በወረቀት ላይ ስምምነት ነበር፣ ካሣም ነበር፤ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ ከተማ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ወረቀቱ አይናገርም። ያ ዕውቀት ጆሮሽን ይክፈተው፣ አፍሽን ግን አይክፈተው። በየስብሰባው «እኛም አገር እንዲሁ ነው» እያልሽ የራስሽን ታሪክ ካመጣሽ ሰዓቱን ወሰድሽባቸው። ሲጠይቁሽ አውሪ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» የሚለውን ነጠላ ዜማችንን ቤት ትተሽው ሂጂ።

የምትኖሪባትን ከተማም እወቂያት። ላስቬጋስ መሐል የፓዩቶች ሰፈር አለ፤ በ1911 ሄለን ስቱዋርት የተባለች የእርሻ ባለቤት ካስተላለፈችው 10 ኤከር መሬት የተነሣ ነው። በ1983 ደግሞ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ወደ 3,800 ኤከር ተጨመረላቸው። ሐበሻው በረዶ ሊያይና ፎቶ ሊነሣ የሚሄድበት የቻርልስተን ተራራ ለእነሱ የአፈጣጠራቸው ቦታ ነው። ከላስቬጋስ ደቡብ ያለው አቪ ክዋ አሜ ደግሞ የሞሃቪዎችና የሌሎች የዩማ ቋንቋ ተናጋሪዎች የተቀደሰ ተራራ ነው፤ በ2023 ከግማሽ ሚሊዮን ኤከር በላይ አካባቢው «ብሔራዊ መታሰቢያ» የሚባል ጥብቅ ቦታ ሆኗል። ፓውዋው (የጭፈራና የመሰባሰቢያ በዓላቸው) ሲኖርና ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ሂጂ፣ ግን ያለ ዩኒፎርም፣ ያለ ቢዝነስ ካርድ። ምግብ ግዢ፣ ተቀመጪ፣ አዋጅ ነጋሪው «አሁን ፎቶ አታንሡ» ሲል ስልክሽን አስቀምጪ።

ለውጥ ቀርፋፋ ነው ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ ሁለት ነገር ልንገርሽ። ግራንድ ካንየን ውስጥ ሃቫሱፓይ የተባለው ጎሳ ሰዎች ከኖሩበት አንድ ቦታ የመጨረሻው ነዋሪ የተባረሩት በ1928 ነው። ቦታው «ኢንዲያን ጋርደን» ሲባል ኖሮ ጎሳው በጠየቀው መሠረት «ሃቫሱፓይ ጋርደንስ» የሆነው በ2022። ቁጥሩን ራስሽ ቀንሺው። ዋዮሚንግ ያለው ዴቪልስ ታወር የተባለ ግዙፍ ቋጥኝ ላይ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ ጁን ላይ ተራራ ወጪዎች በፈቃደኝነት እንዳይወጡ ይጠየቃሉ፤ ለላኮታዎችና ለሌሎችም ጎሳዎች የጸሎት ወር ነውና። ክልከላ አይደለም፣ ልመና ነው። የማይሰሙ አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ይተዋሉ። በሁለቱም ውጤት ውስጥ ስማቸው የማይነሣ፣ ስብሰባ ሲያዘጋጁ፣ ቃለ ጉባኤ ሲይዙና መልስ ያጣ ደብዳቤ ሲያሳድዱ የኖሩ ሰዎች አሉ። ሥራሽ በአብዛኛው ያ ነው፤ ካምፕ እሳቱ ጥቂት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ለአለቃሽ አጠር ያለ ኢሜይል ጻፊ። ለእንግዳ ተናጋሪዎች የተያዘው በጀት ስንት ነው? ጎሳው «ይሄ አይታይ» ሲል የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማነው? ከፓርኩ ዋና ኃላፊ ጋር በቀጥታ መነጋገር እችላለሁ ወይስ በሦስት ሰው በኩል ነው? ስለ ኖቬምበሩ ደግሞ ዳንሰኛውን ትተን በዚህ ዓመት የጎሳዎቹን የባህል ኃላፊዎች ምሳ ጋብዘን ምን እንደሚፈልጉ እንስማ በይው፣ የሚታየው ፕሮግራም ለከርሞ ይደርሳል። በጽሑፍ «እሺ» ካለሽ አመልክቺ። «መጀመሪያ ሥራውን ያዢው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደረሳል» ካለሽ ግን የወቅት ሬንጀርነትሽ ላይ ቆዪና ሌላ ፓርክ ፈልጊ። በዚያ በረሃ ፓርክ ሞልቷል።